መልስ፦ የጄሰን ፍለጋዬ ለምን ባዶ ይመልሳል?

ሰላም ወንድሜ። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገቡትን ዕቃዎች በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የጄሰንቢ ዓምድ (ቁልፍና ዋጋ የያዘ የጄሰን ሰነድ የሚቀመጥበት) ይዘሃል። ከ500 ብር በላይ የሆኑትን ስትፈልግ ግን ባዶ ይመልሳል፤ ስህተት እንኳ አያሳይም።

የጻፍከው ዱካ (ሰነዱ ውስጥ ምን እንደሚፈለግ የሚያመለክተው መስመር) ልክ ነው፦

$."ዕቃዎች"[*] ? (@."ዋጋ" > 500)

ዶላሩ ሙሉ ሰነዱ ነው። ኮከቧ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታመጣለች። @ ደግሞ አሁን እየተፈተሸ ያለው ዕቃ ነው። ቁልፎቹን በአማርኛ መሰየምህን ወድጄዋለሁ፤ በጥቅስ ውስጥ እስካሉ ችግር የለውም።

ጣጣው ዳታው ላይ ነው። ናሙናህ ላይ ዋጋው "750" ተብሎ በጥቅስ ገብቷል። ይሄ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። ጽሑፍ ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ «አይታወቅም» ይሆናል። ማጣሪያው ደግሞ «እውነት» ያልሆነውን ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ይጥላል። ስህተት ያላየኸው ለዚህ ነው።

ለጊዜው ከዋጋው ቀጥሎ ነጥብ አድርግና ደብል (double) የሚባለውን ሜተድ ከባዶ ቅንፍ ጋር ጨምር፤ ወደ ቁጥር ይቀይርልሃል። "1,200" ብሎ ኮማ ያስገባ ሰው ካለ ግን እሱም ሹልክ ብሎ ይቀራል። እኔ ብሆን ገና ሲመዘገብ ቁጥር እንዲሆን አስገድዳለሁ።

ስለ ፍጥነቱ፦ ጂን ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን የፖስትግሬስ ማውጫ) በዱካ ፍለጋ ላይ የሚያግዘው ለእኩልነት ነው፤ ለ«ይበልጣል» አይጠቅምህም። ዋጋን ሁልጊዜ የምትፈልግበት ከሆነ የራሱ ዓምድ ስጠው።