«ሀሳብ መጣብኝ» ወይስ «ሀሳብ መጣ»?

አንዲት የባህር ዳር አንባቢያችን እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «መምህር እንደምን ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ሜዲቴሽን እሰራለሁ። ቡድሂስቶች አናታ የሚሉትን 'ራስ የለም' ብዬ ነው የያዝኩት፤ ግን 'እያሰብኩ ነው፣ እየሰማሁ ነው' እያልኩ ስከታተል እኔ እኔ የሚለው ነገር ይብስብኛል። በአማርኛ እንዴት ልበለው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ «ራስ የለም»ን ተዪው። ለጆሯችን ቀድሞ የሚመጣው ጭንቅላት ነው፣ «ነፍስ የለም» ካልሽ ደሞ ሌላ ክርክር ውስጥ ነው የምትገቢው፣ ከሁሉም በላይ ግን ቡድሃም እንደዛ ብሎ አልመለሰም። ቫጫጎታ የሚባል ሰው «ራስ አለ?» ሲለው ዝም አለ፣ «እሺ የለም?» ሲለውም ዝም። ቫራናሲ አካባቢ ለአምስቱ የመጀመሪያ መነኮሳት ሲያስተምር ግን አካልን፣ ስሜትን፣ ለይቶ ማወቅን፣ የአእምሮን ዝንባሌና ንቃትን አንድ በአንድ እየጠራ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ይሄ ራሴ አይደለም» ብለው እንዲያዩት ነው የነገራቸው፣ ምክንያቱም የኛ ቢሆንማ ኖሮ «ሰውነቴ እንዲህ ይሁን፣ እንዲህ አይሁን» ብለን ባዘዝነው ነበር። ስለዚህ «የኔ አይደለም» በይ፣ ትክክለኛም ነው ለአፍም ይቀላል።

አሁን ወደ ሜዲቴሽኑ። የምትሰሪው የበርማው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዳው (እ.ኤ.አ. 1904–1982) ያስፋፉት ዓይነት ይመስለኛል፣ የሆድን መነሳትና መውረድ እየተከታተሉ የመጣውን ሁሉ በአጭር ቃል መሰየም። «እያሰብኩ»፣ «እየሰማሁ» ስትዪ መጨረሻ ላይ ያሉት «ኩ» እና «ሁ» እኔን ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሰዋስዋችን ደሞ የግሱን አድራጊ «ባለቤት» ነው የሚለው፣ እና በየሰከንዱ ባለቤት እየሾምሽ ባለቤት የሌለውን ነገር ማየት ይከብዳል። «ማሰብ፣ ማሰብ»፣ «መስማት» በይ በቃ።

አማርኛ ግን ሌላ መንገድም አለው። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቀኝ፣ ታወሰኝ እንላለን፣ እዚህ ሁሉ ላይ እኔ ባለቤት አይደለሁም፣ ተሳቢ ነኝ፣ ነገሩ የደረሰብኝ ሰው። ማንም ደሞ «ይራበኝ» ብሎ አዝዞ አይራብም። ይሄ ግን አማርኛ ተናጋሪ ለአናታ ይቀርባል ማለት አይደለም፣ «ንዴቴ መጣ» ስንል ንዴቱንም የኛ አድርገነዋል።

እኔ በጣም ደስ የሚለኝ ቦታ «ልኝ» እና «ብኝ» ናቸው። ነፋሱ ከሀይቁ ሲነፍስ «መጣልኝ»፣ መንገድ ላይ ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ «ጮኸብኝ»፣ የትናንቱ ጭቅጭቅ ትዝ ሲል «ሀሳብ መጣብኝ»። ቡድሂስቶች ስሜትን ደስ የሚል፣ የማይል፣ ከሁለቱም ያልሆነ ብለው በሶስት ይከፍሉታል፣ መመኘትና መጥላት የሚነሳውም ከዛ ላይ ነው ይላሉ። «ልኝ» ካልሽ ልትይዢው ነው፣ «ብኝ» ካልሽ ልትገፊው ነው፣ ሁለቱም ውስጥ «ኝ» አለች። ስለዚህ ቁጭ ስትዪ የትኛዋ እንደወጣች ልብ በያት፣ ከዛ አውልቀሻት «ድምጽ ጮኸ»፣ «ሀሳብ መጣ» በይና ስሜቱ ምን እንደሚሆን እይ። በግድ ግን አታውልቂያት፣ «ብኝ» ስትወጣ ማየትሽ ራሱ ልምምዱ ነው፣ ለኔ «እድገት» የሚባለው ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ ሳይሆን «ብኝ»ን ቶሎ ማየትሽ ነው። ነገሩ እየፈጠነ ቃሉ አልደርስ ሲልሽ ደሞ ቃሉን ተዪው፣ መሰየሙ ለማየት እንዲረዳ እንጂ ግዴታ አይደለም።

በተረፈ ከሜዲቴሽን ስትነሺ «እኔ» ማለት እንዳያስጨንቅሽ፣ ቡድሃ ራሱ ሲያስተምር «እኔ» ይል ነበር።