ቦረቦሩን ከአናቱ ያዙት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ የምሠራው ሐረር ከተማ ነው። እናቴ ሶፊ ውስጥ ማሽላና ትንሽ ጫት አላት። በእሷና በጎረቤታችን ማሳ መካከል ያለው ቦረቦር በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ መጥቶ አሁን ጫቱ ሥር ደርሷል። አምና አፈርና ቆሻሻ ሞላንበት። አንድ ከባድ ዝናብ ጠራርጎት ሄደ። እናቴ ባሕር ዛፍ እንትከልበት ትላለች። አጎቴ ደግሞ ያለ ጋቢዮን፣ ድንጋይ ከሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት፣ አይሆንም ይላል። ማንን እንስማ?
እህትዎ፣ ከሐረር

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጫታቸው ገና አልሄደም፤ ይተርፋል።

አምና የሞላችሁት አፈር ለምን እንደሄደ ልንገርሽ። ቦረቦር ወደ ላይ የሚያድገው ከአናቱ ነው። ጎርፉ ከጫፉ ላይ ቁልቁል ሲወድቅ የግድግዳውን እግር ይፈለፍለዋል። እግሩ ሲሸሽ የላይኛው አፈር ተንጠልጥሎ ይቀርና ይናዳል። ውሃው በዚያው መንገድ እየመጣ ጉድጓዱን ብትሞሉት፣ ልቅ አፈር ለጎርፍ ማቀበል ነው።

ስለዚህ ሥራው ከቦረቦሩ በላይ ይጀምራል። በበጋ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ከአናቱ ጥቂት ሜትር ከፍ ብላችሁ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ቦዩ ውሃውን ሣር ወዳለበት ወይም ድንጋያማ ወደሆነ ቦታ በዝግታ ያውጣው። እባክሽ፣ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳትለቁት! እዚያ ሌላ ቦረቦር ትከፍታላችሁ። ጎረቤታችሁንም ሄዳችሁ አነጋግሩ። እሱም መሬት እያጣ ነው። በላይ በኩል የፈረሰ እርከን ካለ አብራችሁ ጠግኑ። እሱ ካልገባበት ልፋታችሁ ግማሹ ከንቱ ነው።

ከዚያ ቀጥ ያለውን አናት ጠርባችሁ ተዳፋት አድርጉትና ድንጋይ አልብሱት።

አሁን ወደ አጎትሽ ሐሳብ። ጋቢዮን ጥልቅና ሰፊ ለሆነ ቦረቦር ነው፤ ሽቦውም ውድ ነው። ከሰው ቁመት ያልበለጠ ከሆነ የድንጋይ ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያዘገይ በቦረቦሩ አግድም የሚደረደር ድንጋይ፣ ይበቃችኋል። ድንጋይ ካነሰ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ ደርድሩ። የክትሩ ቁመት ከ1 ሜትር አይለፍ። መሠረቱ ወለሉ ውስጥ፣ ጫፎቹም ሁለቱ ግድግዳዎች ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይቀበሩ። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መሐሉ ዝቅ ካላለ ውሃው በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይቆርጣል፣ ክትሩም ብቻውን ቆሞ ይቀራል። እንዲህ የቀረ ክትር ባየሁ ቁጥር የሰው ጉልበት ያሳዝነኛል። ከክትሩ ሥር ውሃው የሚያርፍበት ወለል ላይም ድንጋይ አንጥፉ።

ርቀቱ ቀላል ነው። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን። ወለሉ በ10 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ 1 ሜትር ከፍታ ያላቸው ክትሮች በየ10 ሜትሩ ይቆማሉ።

ከክትሩ ጀርባ የሚሞላው ደለል የእናትሽ አፈር ነው፤ አለበለዚያ ወደ ኤረር ወንዝ ወርዶ የሚቀር። ሐረሮች ደለል ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ውሃ እንጠጣበት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ለመስኖና ለከተሞች የተሳበው ውሃ ብቻ አልነበረም ጥፋተኛው። ከዙሪያው ማሳ የታጠበው አፈርም ሐይቁን ሞልቶት ነበር።

ባሕር ዛፉን ግን እናትሽ ይተዉት። ሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም፣ አፈሩም ራቁቱን ይቀራል። ለማሽላውና ለጫቱ የሚሆነውንም ውሃ ይሻማል። በእሱ ፋንታ ክረምቱ ሲገባ ደለሉ ላይ የዝሆን ሣር፣ ግድግዳው ላይ ቬቲቨር የተባለውን ሥረ ጥልቅ ሣር ትከሉ። ሰስባኒያ የተባለውን ተክል ብትጨምሩበት ለመኖ ይሆናል። ፍየልና ከብት ግን ቢያንስ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ አይግባበት፤ ሣሩን እያጨዳችሁ አውጥታችሁ አብሏቸው።