እስክንድርያን ለምትጎበኙ ወጣት መሐንዲሶች

ይድረስ ለወጣት የሙያ ልጆቼ፤

ወደ እስክንድርያ የመሄድ ዕድል ያገኛችሁ እንደሆነ፣ ዕድሜዬን በውሃ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ አደራ አለኝ፤ ከተማዋን ከባሕሩ ወገን ብቻ አትመልከቷት። ጎብኚ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ቃይትባይ ምሽግ ይሄዳል፤ ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 እ.ኤ.አ. ያሠራው ይህ ምሽግ የቆመው፣ በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰው የጥንቱ የፋሮስ የመብራት ግንብ በነበረበት ስፍራ ስለሆነ መሄዱ ተገቢ ነው። ባሕሩ ግን የሚጠጣ ውሃ አይሰጥም። እስክንድር በ331 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የመሠረታት ይህች ከተማ ለብዙ ዘመናት የኖረችው፣ ከአባይ ቅርንጫፍ በቦይ ተስቦ ከቤቶች ሥር በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች በሚከማች ውሃ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ከአሮጌ ሕንፃዎች በተወሰዱ ዓምዶች ላይ በሦስት ደርብ የተሠራው የኤል ናቢህ ማጠራቀሚያ፣ ዛሬም አለ፤ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማጠራቀሚያዎቹ የሚሞሉት አባይ በሚሞላበት ወራት ሲሆን፣ የሙላቱም ዋና ምንጭ የእኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነበር። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ መላኩን ከልጅነታችን ጀምሮ እንማራለን፤ ስለዚህኛው ዝምድና ግን የነገረን መምህር የለም።

በኮም ኤል ሾቃፋ ከዐለት የተፈለፈለው የመቃብር ዋሻ ሦስት ደርብ አለው፤ የታችኛውን ለረጅም ዘመን የከርሰ ምድር ውሃ ውጦት ኖሯል። አስጎብኚው የግብጽና የሮማ ጥበብ እንዴት እንደተቀላቀለ ሲያብራራ (ደግሞም መስማት ያስደስታል) እናንተ ውሃው በምን መንገድ እንደሚወገድ ጠይቁት።

ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የቅዱስ ሚናስን ጥንታዊ የተሳላሚዎች ከተማ፣ አቡ ሚናን፣ ሳታዩ አትመለሱ፤ ለመሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ በ2001 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ የገባው፣ በዙሪያው በተስፋፋው የመስኖ እርሻ ምክንያት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስላለ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ጠንካራ፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ልፍስፍስ የሚል ሸክላ በመሆኑ መሠረቶቹ ተናጉ፤ የቅዱሱ መቃብር ያለበት ምድር ቤት እንዳይደረመስ በአሸዋ እስከ መሞላት ደረሰ። ከዝርዝሩ የወጣው ውሃውን ዝቅ የሚያደርግ ሥራ ከተሠራ በኋላ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ነው።

በስተምሥራቅ ደግሞ በ1799 እ.ኤ.አ. ዝነኛው የሮዜታ ድንጋይ የተገኘባት ራሺድ አለች። በቀይና በጥቁር ጡብ ያጌጡት የኦቶማን ዘመን ቤቶቿ ያምራሉ፤ እናንተ ግን በመጀመሪያ አባይ ወደ ባሕር ወደሚገባበት አፍ ውረዱ። በ1970 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ፣ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የሚወርደውን ደለል ስለሚያስቀር፣ ባሕሩ ዳርቻውን እየበላው ይገኛል፤ ለዚህም የተሠራውን የመከላከያ ግንብ በእግራችሁ ተከተሉት፤ ቤቶቹን ከዚያ በኋላ ታዩዋቸዋላችሁ።