ፎልደር ሲከፈት ላፕቶፑ የሚቆመው ራም አንሶት ነው?

ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት የምትሠራው ወንድማችን፣ ጥያቄህ ይህ ነበር፦ «የሰርግ ፎቶ ያለበትን ፎልደር ስከፍት ላፕቶፑ ይቆማል። ፋይል ማናጀሩ ሁሉንም ፋይል ራም ላይ ስለሚጭን ነው? 4 ጂቢ ነው፤ ልጨምር?»

እባክህ ለራም (ላፕቶፑ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው ለሚይዝበት ቦታ) ብር ከማውጣትህ በፊት ይህን አንብብ። እኔም ፍኖተ ሰላም እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ጥር ሲገባ ምን ያህል ፎቶ እንደሚከመር አውቀዋለሁ።

ፋይል ማናጀር፣ ማለትም ፎልደሮችህን የሚያሳይህ ፕሮግራም፣ ፎልደር ሲከፍት ፋይሎቹን ራም ላይ አይጭንም። የሚያነበው ስማቸውን፣ መጠናቸውንና ቀናቸውን ነው። ይህ ለብዙ ሺህ ፋይል እንኳ እዚህ ግባ የሚባል ቦታ አይዝም። ላፕቶፑን የሚያንቀው ትንንሾቹ የፎቶ ምስሎች ናቸው። እነሱን ለማሳየት ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ተከፍተው መነበብ አለባቸው። ፎቶው ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል) ከሆነና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ካለ ደግሞ አይጣል ነው!

ዊንዶውስ ከሆነ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ግባ። «ፒክቸርስ» የሚለውን ወደ «ጄኔራል አይተምስ» ቀይረው። ቪው ላይ ደግሞ ዲቴይልስ አድርገው። እኔ ጋ አድራሻው ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር እየተንፏቀቀ ሻይ የሚያስጠጣ ፎልደር ነበር። ይህን ስቀይር ወዲያው ተከፈተ።

ኮፒ ላይም ራም አያሳስብህ። 6 ጂቢ ቪዲዮ 4 ጂቢ ራም ባለው ማሽን ያለችግር ይገለበጣል። ከጎተራ በቁና እየሰፈሩ ጆንያ እንደመሙላት ነው፤ ትንሽ ያነባል፣ ይጽፋል፣ እንደገና ያነባል። ፍላሽህ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ ካለ ጥፋቱ የፋት 32 (ፍላሹ ፋይል የሚያደራጅበት የቆየ ስልት) ነው፤ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠህ ይህ ገደብ በሌለበት በኤክስፋት ፎርማት አድርገው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኮፒው «አለቀ» ቢልህም የመጨረሻው ክፍል ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል። ኢጀክት ሳትል ፍላሹን አትንቀል። የሰው ሰርግ ነው፤ ተመልሶ አይነሳም።

ይህን ሁሉ አድርገህም ካልተሻለው ፎልደሩን ክፈትና ዲስኩና ራሙ ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን እይ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ራሙ ቦታ ካለው፣ የሚያስፈልግህ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ) ነው። ራሙ ራሱ ከሞላ፣ ወይም ቪዲዮ ኤዲት የምታደርግ ከሆነ፣ ያኔ ጨምር።