ምን መረጃ ለማን እንደወጣ የሚያሳይ መዝገብ እንዴት ይያዝ?

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መሥሪያ ቤታችሁ የባለጉዳዮችን መረጃ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይሰጣል። ኦዲተር «ባለፈው ዓመት ለማን ምን ሰጣችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን እያንዳንዱ ክፍል ፋይሉን ከማገላበጥ በቀር መልስ አልነበረውም። ምን እንመዝግብ፣ ኃላፊውስ ምኑን ይቆጣጠር?

የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ይህን ሥራ አይሠራም። ደብዳቤ መውጣቱን ይናገራል እንጂ የማን መረጃ እንደወጣና ማን በምን ሥልጣን እንደፈቀደ አይናገርም። ለብቻው መዝገብ ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ይኑር። የገባበት ቀንና የደብዳቤው ቁጥር፣ የጠየቀው መሥሪያ ቤትና የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ የባለመረጃው (መረጃው የሚመለከተው ሰው) የፋይል ቁጥር፣ የተጠየቀው፣ የተሰጠው፣ ሕጋዊ መሠረቱ፣ የወሰነው ኃላፊ፣ የወጣበት ቀንና መንገድ፣ የተረከበው ሰው ይመዝገቡ። የተከለከለና በከፊል የተሰጠም ከነምክንያቱ ይግባ።

«የተጠየቀው» እና «የተሰጠው» በሁለት ዓምድ መለየታቸውን እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት። አድራሻ ብቻ ተጠይቆ ሙሉ ፋይሉ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ መላኩ የተለመደ ስህተት ነው፤ ቶሎ የሚታየውም ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ዓምድ ሕጋዊ መሠረቱ ነው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ደብዳቤ ጥያቄ እንጂ ሥልጣን አይደለም። ዓምዱ ላይ የሕጉ ቁጥርና አንቀጽ፣ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የመዝገብ ቁጥር ወይም የባለመረጃው የጽሑፍ ፈቃድ ይስፈር። ሠራተኛው የሚጽፈው ካጣ መረጃውን ሳይሰጥ ጠያቂውን መልሶ ይጠይቅ። ከዝርዝር የሚመረጥ ካደረጋችሁት «ሌላ» የሚል ምርጫ አታስገቡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሹ መዝገብ «ሌላ» ይሆናል።

የመረጃውን ይዘት መዝገቡ ላይ አትጻፉ። የሕክምና ውጤት ወይም የደመወዝ መጠን የሰፈረበት መዝገብ ራሱ ሌላ ጥበቃ የሚፈልግ ምስጢር ይሆናል። የተላከው ቅጂ ከነገጹ ብዛት በፋይሉ ይቀመጥና መዝገቡ የፋይሉን ቁጥር ብቻ ይያዝ።

ከመዝገብ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ በስልክ፣ በኢሜይል፣ በፍላሽ እና በግልባጭ የሚወጣው ነው። ግልባጩን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። አራት ግልባጭ ያለው መልስ አምስት ተቀባይ አለው፤ አራቱ ግን ምንም አልጠየቁም። ግልባጩ ላይ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ሸኚውን ብቻ ላኩ። በስልክ የሚመጣ ጥያቄ ደግሞ በጽሑፍ እስኪረጋገጥ ይጠብቅ፤ አስቸኳይ የሕይወት ጉዳይ ከሆነ ጠያቂው በሰጠው ቁጥር ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ በሚታወቀው ስልክ መልሳችሁ ደውሉ፣ በዚያው ቀንም መዝግቡ።

መዝገቡን የሚያስከብረው አንድ አሠራር አለ። መዝገብ ቤት የመረጃ መዝገብ ተራ ቁጥር ያልሰፈረበትን መልስ ወጪ እንዳያደርግ ይታዘዝ። በሳምንት መጨረሻ ተሰብስቦ የሚሞላ መዝገብ የሚሞላው ከትውስታ ነው። በኤክሴል ከያዛችሁት አንድ ፋይል ብቻ ይኑር፣ የሚጽፉበት ሰዎችም ይወሰኑ፤ የተሳሳተ መስመር ከመጥፋት ይልቅ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነምክንያቱ ይቆይ። ለተሳሳተ ተቀባይ የተላከም እንዲሁ። በስምምነት በየወሩ በጅምላ የሚላክ መረጃ ለየሰው መስመር አያስፈልገውም፤ በአንድ መስመር የሰዎቹ ብዛት፣ የተላኩት የመረጃ ዓይነቶች፣ የስምምነቱ ቀንና የሚታደስበት ጊዜ ይበቃል።

ወደ ኃላፊው ልምጣ። «በዚህ ወር 40 ሰጠን» የሚል ሪፖርት ቁጥጥር አይደለም። በየወሩ አሥር ያህል መስመር በዕጣ ይውጣና ከፋይሉ ጋር ይመሳከር። ቀጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ፦ አሥር የወጪ ደብዳቤ ተነስቶ መዝገቡ ላይ ይፈለግ። ያልተመዘገበ መረጃ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ነው፣ ብዙዎች የሚዘሉትም እሱን ነው። መረጃው በኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ካለ ማን የማንን ፋይል እንደከፈተ የሚያሳየውን ምዝግብ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። የሚያመሳክረው ሰው ፈቃጁ ራሱ አይሁን። አንድ ጠያቂ ደጋግሞ ሲመጣ፣ ከላኩ በኋላ የተሞሉ መስመሮች ሲበዙ፣ በዓመት ውስጥ አንድም ክልከላ ሳይኖር ሲቀር ኃላፊው ይጠይቅ። ክልከላ የሌለበት መዝገብ ጥያቄዎቹ በደንብ አለመመርመራቸውን ይጠቁማል።

ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ ለሚለው፣ የአሜሪካ የ1974 (እ.ኤ.አ.) የግለሰብ መረጃ ሕግ ለማነጻጸር ይጠቅማል፦ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም ፋይሉ እስካለ ድረስ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው። መነሻ አድርጉትና ከራሳችሁ የማኅደር ደንብ ጋር አስታርቁት። ያው ሕግ ባለመረጃው መረጃው ለማን እንደተሰጠ ጠይቆ እንዲያውቅ ይፈቅዳል፤ ለሕግ አስከባሪ የተሰጠው ግን ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ መዝገባችሁ በፋይል ቁጥር ተፈልጎ የሚገኝ ይሁን።

ያለፈውን ዓመት ሙሉ ለመመለስ አትድከሙ። ከአንድ ቀን ጀምሩ፤ ያለፉትን ሦስት ወራት ብቻ ከወጪ ደብዳቤዎች ለቅማችሁ አስገቡ፣ «ከኋላ የተሞላ» የሚል ምልክትም አድርጉባቸው።