«ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» ሲልሽ ጣሪያውን አትጨምሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች መቀመጫ የሚያዝበት ሲስተም ሠርቻለሁ፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። መንገደኛው መቀመጫ ይመርጣል፣ በሞባይል ይከፍላል፣ ክፍያው ሲረጋገጥ ቲኬቱ ይቆረጣል። በአዘቦቱ ቀን ሰላም ነው። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ግን መጀመሪያ ምዝገባው ቀጥ ይላል፣ ቀጥሎ «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» (ከዳታቤዙ ጋር የተገናኘው ከልክ በላይ በዛ) የሚል ስህተት ይመጣል። ሪስታርት ሳደርገው ይሠራና ብዙም ሳይቆይ ይመለስበታል። የኮኔክሽን ጣሪያውን (በአንድ ጊዜ የሚፈቀደውን የግንኙነት ብዛት) ከ151 ወደ 500 ባሳድገውም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?
ከጣና ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ቅደም ተከተሉን በደንብ ነው ያየሽው። መጀመሪያ መጻፍ ቆመ፣ ከዚያ ኮኔክሽኑ ሞላ። አንድ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞች) የጀልባዋን መቀመጫ ሎክ አድርጎ፣ ሌላው እንዳይነካው ቆልፎ ይዟል። ሌሎቹ እሱን ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም ኮኔክሽናቸውን አይለቁም። በሩን ብታሰፊው ውስጥ የተቀመጠው አይነሳልሽም፣ ጠባቂው ብቻ ነው የሚበዛው።

የያዘውን ስትፈልጊ የኮኔክሽኖቹን ዝርዝር የሚያሳየው «ሾው ፕሮሰስሊስት» እንዳያታልልሽ። እዚያ ላይ ሥራ የበዛባቸው የሚመስሉት ጠባቂዎቹ ናቸው። ያገታቸው ግን ብዙ ጊዜ «ስሊፕ» ተብሎ፣ ምንም የማያደርግ መስሎ ይታያል። ትእዛዙን ጨርሷል፣ ኮሚት ግን አላደረገም፤ ማለትም ሥራውን አጽድቆ ሎኩን አልለቀቀም። ስንቱ ጎበዝ ባለሙያ እዚህ መስመር ላይ አይቶ አልፎታል! «ሲስ» በሚባለው ስኪማ ውስጥ «ኢኖዲቢ ሎክ ዌይትስ» የሚለውን ቪው (ዝግጁ ሰንጠረዥ) ክፈቺ። ማን ማንን እንደያዘ በኮኔክሽን ቁጥሩ ያሳይሻል። እሱን ብቻ ኪል አድርጊው፤ ሰርቨሩን ሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። ኮኔክሽኑ ሞልቶም ቢሆን መግባት ትችያለሽ። ማይኤስኪውኤል ከጣሪያው በላይ አንድ ቦታ ለአስተዳዳሪ ያስቀራል። ፕሮግራምሽ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) አካውንት የሚገባ ከሆነ ግን ያቺንም ቦታ ይወስዳታል። ዛሬውኑ ቀይሪው።

እኔ የምጠረጥረው ክፍያውን ነው። መቀመጫው ከተያዘ በኋላ፣ ሰውየው ወደቡ ላይ ቆሞ ሚስጥር ቁጥሩን እስኪያስገባ ትራንዛክሽኑ ክፍት ከሆነ፣ ኔትወርክ በተንቀራፈፈ ቁጥር ያ ጀልባ ይታገታል። ክፍያን በትራንዛክሽን ውስጥ ሆነሽ አትጠብቂ። መቀመጫውን «ተይዟል» ብለሽ ከማብቂያ ሰዓቱ ጋር ጻፊና ወዲያው ኮሚት አድርጊ። ክፍያው ሲረጋገጥ በሌላ አጭር ትራንዛክሽን «ተከፍሏል» በይው። ሰዓቱ ካለፈ መቀመጫው ይለቀቅ።

ሎግሽ ውስጥ 1205 የሚል ስህተትም ፈልጊ። ካልቀየርሽው በቀር ሎክ የሚጠበቀው 50 ሰከንድ ነው፤ ሲያልፍ ይህ ቁጥር ይመጣል። ያኔ የሚሰረዘው የመጨረሻው ትእዛዝ ብቻ ነው፣ ትራንዛክሽኑ እንዳለ ይቆያል፤ ቀድሞ የያዘውንም አይለቅም። ስለዚህ ኮድሽ ስህተቱን ሲያይ ራሱ ሮልባክ ማድረግ (ትራንዛክሽኑን በሙሉ መሰረዝ) አለበት።

የፑሉንም (ፕሮግራሙ ለሥራው ከፍቶ የሚይዛቸውን ኮኔክሽኖች) ሂሳብ ሥሪ። ባለ 50 ኮኔክሽን ፑል የያዙ 4 ሰርቪሶች ካሉሽ 200 ሆኑ፤ የቀድሞውን የ151 ጣሪያ አልፈዋል። ፑሉን ቀንሺው። ትራንዛክሽኑ ካጠረ ጥቂት ኮኔክሽን ብዙ መንገደኛ ያስተናግዳል።