ጉሮሯችሁን ለሚያንቃችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሐኪምነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ጉሮሮዬ ላይ የተሰካ ነገር አለ፤ ብውጠው አይወርድ፣ ብተፋው አይወጣ» የሚል ወጣት ብዙ አየሁ። አንዷን አልረሳትም። መርምሬ ምንም ሳጣ «ጭንቀት ነው» ብዬ ሰደድኳት። ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ ያንቀኛል ብላ ፈርታ እንጀራ ትታ በአጥሚት ብቻ ትኖር ነበር። ያን ቀን ያላስረዳኋትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጉሮሮ ከምግብ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፤ ሌላውን ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል። የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ሲመጣ ወደ መተንፈሻ እንዳይገባ ይበልጥ ይጨመቃል፤ ዘበኛ ነውና። አሲዱ ጉሮሮ ድረስ መውጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ የምግብ ቧንቧውን ታች ሲነካ ነርቭ መልእክቱን አድርሶ ጡንቻውን ሊያኮማትረው ይችላል። ቃር የሚባል ሳታውቁ ጉሮሯችሁ ብቻ የሚጨብጣችሁ አንዳንዴ ለዚህ ነው። ጭንቀትም ያንኑ ጡንቻ ያጠብቀዋል። ስለዚህ «ጨጓራ ነው ወይስ ጭንቀት?» እያሉ መከራከር አይጠቅምም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተጋግዘው ነው። ምራቅ ደጋግሞ እየዋጡ «አሁንስ አለ?» ብሎ መፈተሽና ጉሮሮ መጥረግ ደግሞ ያባብሰዋል። ውሃ ጎንጨት በሉበት።

ምራቅ ስትውጡ ተሰክቶ ምሳ ስትበሉ የሚጠፋ ከሆነ ብዙም አትደንግጡ። ምግቡ ራሱ ከተቀረቀረ፣ ስትውጡ ካመማችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ደም ካስታወካችሁ ወይም ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ነገ ሳትሉ ታዩ።

ፒያሳ ላይ ጠዋት በባዶ ሆድ ማኪያቶ፣ ቀኑን ሙሉ ምንም፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ከዚያ ቀጥታ አልጋ። እኔ አጥብቄ የምቃወመው የመጨረሻውን ነው። ከራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳትተኙ ቆዩ። ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይረዳም፤ የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጡብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞልንም፣ ባመማችሁ ቁጥር ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ። ሐኪም ካዘዘላችሁ ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ነው፤ ጉሮሮ ደግሞ ከደረት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚሻለው፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ያቺ ልጅ በቀጠሮዋ ቀን እናቷ የቋጠረችላትን ፍርፍር ይዛ መጣች። ፊቴ ቁጭ ብላ ሦስት ጉርሻ በላች።